«ፈርሚና ይብቃ» ይሉኛል፤ ጥርሴን የሠራው ዘመድ ነው

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጇ፤

እንደምን ከረሙ? የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አምና ባጃጅ ተገልብጦብን አንድ የላይኛው የፊት ጥርሴ ወለቀ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ደሴ ውስጥ የጥርስ ክሊኒክ ስላለው ሌላ ቦታ መሄድ አላሰብንም። «ብሪጅ ይሻልሻል» አለኝ፤ በጎንና በጎን ባሉ ጥርሶች ተደግፎ የሚገጠም ሰው ሠራሽ ጥርስ ማለቱ ነው። ግራና ቀኝ ያሉትን ጤነኛ ጥርሶቼን ሞርዶ፣ የአንዱን ነርቭ አውጥቶ ሦስት ጥርስ ገጠመልኝ። «ለዘመድ» ብሎ ቀንሶልን 36,000 ብር ከፈልን።

ከተወሰኑ ወራት በኋላ ድዴ ማበጥና መግል መያዝ ጀመረ። ስደውልለት «በደንብ ስለማታጸጂው ነው» አለኝና ሁለት ጊዜ መድኃኒት አዘዘልኝ። ሲብስብኝ እዚሁ ኮምቦልቻ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ራጅ አነሳኝና ሥሩ ውስጥ የተሰበረ ቀጭን ብረት አሳየኝ። ብሪጁም ዳር ዳሩ በትክክል አልገጠመም አለኝ። ጥርሱ ምናልባት ይነቀላል። «ይህንን ጻፍልኝ» ስለው ግን «እኔን አታስገቢኝ» አለ።

አሁን ክፍል ውስጥ አፌን በሻሽ ሸፍኜ ነው የማስተምረው። የተከፈለው ገንዘብም የቁጠባችን ነበር። ችግሩ ይህ ሰው ባለውለታችን ነው። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ከቤት ወጥተን ስንሰደድ፣ አዲስ አበባ በተከራየው ቤት ከነልጆቻችን ያኖረን እሱ ነው። አማቴ «ዘመድ ፍርድ ቤት አይካሰስም፤ ገመናችንን አደባባይ አታውጪ» ይላሉ። እሁድ ሽማግሌ ይመጣል። 10,000 ብር ይሰጠኝና «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ እንድፈርም ተነጋግረዋል። እህቴ ደግሞ «ቲክቶክ ላይ እናውጣው» ትላለች። ባለቤቴ ዝም ብሏል። ልፈርም? ልክሰስ? ለመሆኑ ለተበላሸ ጥርስ ካሳ ይገኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

—

ውድ እህቴ፤

ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳልና አንዱን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። እሁድ የሚቀርብልሽን ወረቀት አትፈርሚ። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ተቀበያቸው፣ ቡና አፍዪላቸው፣ አዳምጫቸው። ፊርማው ግን ይቆይ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 መሠረት፣ ሰዎች ተስማምተው የጨረሱት ጉዳይ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ጥርሱ ተነቅሎ፣ አዲሱ ሥራ ስንት እንደሚያስወጣ ከታወቀ በኋላ «አስር ሺው አልበቃኝም» ብትዪ ሰሚ ማግኘት በጣም ይከብዳል። አሁን ደግሞ ጉዳትሽ ምን ያህል እንደሆነ አንቺም፣ እነሱም አታውቁም።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ መግሉ ነው። ምንጩ ሥሩ ውስጥ ከሆነ መድኃኒት ለጊዜው ያስታግሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሕክምናውን ለጉዳዩ ብለሽ አታዘግዪ። እብጠቱ ወደ ጉንጭሽ ወይም ወደ ዓይንሽ ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ከከበደሽ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ፤ ሌሊትም ቢሆን። «ካከሙት ማስረጃዬ ይጠፋል» ብለው ሕመም ተሸክመው የሚቆዩ ሰዎች አሉ። እንደዚያ አያስፈልግም። እንዲያውም ተጎጂው ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚችለውን እንዲያደርግ ሕጉ ይጠብቅበታል። ከመታከምሽ በፊት ራጅ ትነሺያለሽ፣ ድድሽንና ብሪጁን በስልክ በጥሩ ብርሃን ታስነሺያለሽ። ብሪጁ ከወጣ ወይም ጥርሱ ከተነቀለ ለሐኪሙ «እባክህ እንዳትጥለው» በዪው። ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ከተሽ፣ ቀኑን ጽፈሽበት አስቀምጪው።

አሁን ወደ ልብሽ ልመለስ። ደብዳቤሽን ሳነብ ከጥርሱ ይልቅ የከበደሽ ውለታው እንደሆነ ተሰማኝ። በዚያ ክፉ ጊዜ ልጆችሽን ያስጠለለ ሰው ነው። ያ እውነት ነው፤ ማንም እንድትረሺው አይጠይቅሽም፤ እኔም አልጠይቅሽም። ነገር ግን ያስጠለለው ቤተሰቡን በሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ውለታው አሁን በአንቺ አፍ ብቻ ይከፈል መባሉ ልክ አልመሰለኝም። ውለታ የሚመለስበት ብዙ መንገድ አለ። በሠርጉ፣ በሐዘኑ፣ በልጆቹ ነገር ትደርሱለታላችሁ። የታመመ ጥርስን ደብቆ መኖር ግን ውለታ መመለስ አይደለም።

እስቲ አንድ ጥያቄ ለብቻሽ ሆነሽ አስቢበት። እውነት የምትፈልጊው ምንድን ነው? ገንዘቡ እንዲመለስ ነው? ጥርስሽ በሌላ ሰው እጅ በደንብ እንዲሠራ ነው? ወይስ «ተሳስቻለሁ፣ አላስተዋልኩም» የምትል አንዲት ቃል ናት? ሦስቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ግን የትኛው ቢቀር እንደማያንገበግብሽና የትኛው ቢቀር እንደማያስተኛሽ ለይተሽ እወቂ። ፍርድ ቤት ገንዘብ ሊያስከፍልልሽ ይችላል፤ ከልብ የመጣ ይቅርታ ግን አያስወጣም። ሽማግሌ ይቅርታውን ሊያመጣልሽ ይችል ይሆናል፤ ገንዘቡን ግን «ተዪው፣ ዘመድ ነው» እያለ ሊያስቀርብሽ ይችላል። መንገድሽን የሚመርጥልሽ ይህ መልስ ነው።

ካሳ ይገኛል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ሊገኝ ይችላል። ግን በምን ላይ እንደሚቆም ልብ በዪ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2647 እንደሚለው ሐኪም በጽሑፍ ቃል ካልገባ በስተቀር «አድናለሁ» ብሎ ዋስ አይሆንም። የሚጠየቀው በሙያው ደንብ መሠረት ጥፋት ከሠራ ነው። ቁጥር 2031ም በማናቸውም ባለሙያ ላይ ተመሳሳይ ነገር ይላል። ስለዚህ ዳኛው የሚጠይቀው «ታመመች ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ጥንቁቅ የጥርስ ሐኪም በዚህ ቦታ ቢሆን እንዲህ ያደርግ ነበር ወይ?» የሚለውን ነው።

በዚህ ዓይን ያንቺን ጉዳይ ስመለከተው ሁሉም እኩል አይመዝንም። ጤነኛ ጥርሶች መሞረዳቸው ያናድዳል፤ ግን ብሪጅ ሲሠራ የሚደረግ ነገር ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው። እየወለቀ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም አጥንት ላይ የሚተከል ጥርስ አማራጭ እንደሆነ ከመሞረዱ በፊት ነግሮሻል? ምርጫውስ ያንቺ ነበር? የተሰበረው ብረትም እንዲሁ ነው። የጥርስ ሥር ሲጸዳ ያ ቀጭን መሣሪያ በጥንቁቅ ሐኪም እጅም አንዳንዴ ይሰበራል። ሲሰበር ግን ለታካሚ ይነገራል፣ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ከተቻለ ይወጣል፣ ካልሆነ ክትትል ይደረጋል። አንቺ ወራት ቆይተሽ ከሌላ ሰው መስማትሽ ለእኔ ከስብራቱ የባሰ ነው። ብሪጁ ዳር ዳሩ አለመግጠሙ ደግሞ ጠንካራ ነጥብሽ ሊሆን ይችላል። ክፍተት ባለበት ምግብና ቆሻሻ ይሰገሰጋል። እሱን ብሩሽ በቀላሉ አያወጣውም።

«አላጸዳሽም» ያለው ክርክር እንደሚመለስ ጠብቂ። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሳው ሊቀነስ ስለሚችል ይህንን ማንሳታቸው አይቀርም። ያኔ አትቆጪ። በብሪጅ ሥር እንዴት እንደሚጸዳ አሳይቶሽ ነበር? ተመልሰሽ እንድትታዪ ቀጠሮ ሰጥቶሽ ነበር? ድዴ አበጠ ስትዪው አፍሽን ከፍቶ አየ ወይስ በስልክ ብቻ መድኃኒት አዘዘ? መልሱን አሁኑኑ፣ ሳይደበዝዝብሽ ደብተር ላይ ጻፊው። በየትኛው ቀን ምን እንደተባለ፣ ማን አብሮሽ እንደነበረ ጭምር።

ማስረጃውን በተመለከተ የኮምቦልቻው ሐኪም «አታስገቢኝ» ማለቱ አልገረመኝም። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ባለሙያዎቹ ይተዋወቃሉ። ስለዚህ ዳኛ አታድርጊው። ተመልሰሽ ሂጂና እንዲህ በዪው፦ «ማን እንዳጠፋ አትጻፍልኝ። ያየኸውን ብቻ ጻፍልኝ። ቀኑን፣ ራጁ ላይ የታየውን፣ ምን ሕክምና እንደሚያስፈልገኝ።» ይህንን ለታካሚው መጻፍ ማንንም መክሰስ አይደለም። አሁንም እንቢ ካለ የመንግሥት ሆስፒታል የጥርስ ክፍል ታይተሽ የሕክምና ማስረጃ ጠይቂ። ደሴ ካለው ክሊኒክም የካርድሽንና የራጆችሽን ቅጂ በማመልከቻ ጠይቂ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጅተሽ፣ አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው እንዲፈርሙልሽ አድርጊ። ዘመድ ነው ብለሽ በቃል አትተዪው።

ደረሰኝ እንዳለሽ አልጻፍሽልኝም። ለዘመድ ደረሰኝ ማን ይጠይቃል? ከሌለሽ ግን ተስፋ አትቁረጪ። በባንክ ወይም በቴሌብር ከከፈላችሁ መዝገቡ አለ። ያዘዘልሽ መድኃኒት ወረቀት፣ የተለዋወጣችሁት መልእክት፣ ከደሴ የላከልሽ የቀጠሮ ቴክስት ሁሉም ይጠቅማል። ስልክሽ ከመጥፋቱ በፊት ፎቶ አንሥተሽ ለሌላ ሰው ላኪው።

ስለ መጠኑ ስናወራ ደግሞ ባዶ ተስፋ ልሰጥሽ አልፈልግም። ካሳ በመሠረቱ የደረሰብሽን ጉዳት ያህል ነው። የከፈልሽው ብር፣ ለማስተካከል የሚወጣው፣ የመድኃኒቱ፣ ደሴ ለመመላለስ የወጣው፣ ከሥራ ቀርተሽ ደመወዝ ከተቆረጠብሽ እሱም ይቆጠራል። ገና ያልደረሰ ግን መድረሱ እርግጥ የሆነ ጉዳትም እስኪደርስ ሳይጠበቅ ሊጠየቅ ይችላል፤ ቁጥር 2092 ነው። ጥርሱ መነቀሉ በሐኪም ከተረጋገጠ ይህ ይጠቅምሻል። ሻሽ አፍሽ ላይ ይዘሽ ተማሪዎችሽ ፊት ለቆምሽበት ሐዘንና ሀፍረት ግን ሕጉ የሚፈቅደው የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም። ቁጥር 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። ይህ ጣሪያ ዛሬ ባለው ኑሮ ሲታይ እኔንም ያሳዝነኛል። ለዚህ ነው ጉዳይሽ በእንባ ሳይሆን በወረቀት መቆም ያለበት።

ስለዚህ ከእሁድ በፊት አንድ ነገር ብቻ ብታደርጊ፣ የማስተካከያውን ወጪ ፕሮፎርማ አስወጪ። ከሁለት ቦታ ቢሆን ይመረጣል። ያኔ 10,000 ብር ብዙ ይሁን ትንሽ በግምት አትከራከሩም። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

ጊዜም አለው። ከውል ውጪ ለሚደርስ ጉዳት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ቁጥር 2143። ሕክምና ውል ነው ተብሎ ከታየ የ10 ዓመቱ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደብ፣ ሊነሳ ይችላል። ግን ጠበቆች በዚህ ላይ ሲከራከሩ አንቺ መሐል ላይ እንዳትቀሪ፣ ሁለቱን ዓመት የራስሽ ገደብ አድርጊው። ነገሩ የአምና ስለሆነ ጊዜ አለሽ። ሽምግልናው ግን «ከበዓል በኋላ፣ ከክረምት በኋላ» እየተባለ ከተጎተተ ጊዜው ሳታውቂው ያልቃል።

ሽምግልናውን እጠላለሁ ማለቴ እንዳይመስልሽ። የወሎ ሰው ስንት የከበደ ነገር በሽማግሌ ፈትቷል። ያንቺም እዚያው ቢያልቅ ደስታዬ ነው። ብቻ ሽምግልና ማለት አንቺ ዝም ትያለሽ ማለት አይሁን። እሁድ ሲቀመጡ እንዲህ ብትዪ ይከብድሻል? «አባቶቼ፣ የመጣችሁበትን አከብራለሁ። የሱን ውለታም አልረሳሁም። ነገር ግን ገና እየታከምኩ ነው። የሕክምናዬ ወጪ ይኸው በወረቀት አለ። ጥርሴን እኔ በመረጥኩት ሐኪም ልታከም፣ ወጪውን እሱ ይሸፍን። የሆነውንም ፊት ለፊት ይንገረኝ።» ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግሽም። «እኔው እንደገና በነፃ እሠራላታለሁ» ካለ፣ እምነትሽ ካለቀ እሺ የማለት ግዴታ የለብሽም። «አመሰግናለሁ፣ ግን አልችልም» በቂ መልስ ነው።

አስር ሺውን አሁን ለሕክምና ካስፈለገሽ ተቀበይው፤ ምንም ነውር የለውም። ወረቀቱ ላይ ግን «ለጥርስ ሕክምና ወጪ በቅድሚያ የተከፈለ» ተብሎ ይጻፍ። «ጥያቄ የለኝም»፣ «በዚህ ተዘግቷል»፣ «ለወደፊቱም አልጠይቅም» የሚል ሐረግ ካለበት አትንኪው። በመጨረሻ ስትስማሙም ወረቀቱን ከመፈረምሽ በፊት ለሕግ ሰው አሳዪው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና ጎራ ብለሽ ጠይቂ። ለጥያቄ ብቻ መሄድ መክሰስ አይደለም።

በሽምግልና ካልሆነስ? ሁለት በር አለ። አንዱ ለጤና ተቆጣጣሪው አካል አቤቱታ ማቅረብ ነው። የጤና ባለሙያዎችን ሥነ ምግባር የሚመረምር ኮሚቴ አለ። አቤቱታሽን የት እንደምታስገቢ በደሴ ከተማ ጤና መምሪያ ይነግሩሻል። ይህ በር ገንዘብ አያመጣልሽም። ግን ባለሙያዎች ተቀምጠው ሥራውን ይመረምራሉ። የሚሰጡት አስተያየትም ፍርድ ቤት ብትሄጂ ትልቅ ክብደት አለው። ሁለተኛው በር ፍርድ ቤቱ ነው። ክሊኒኩ ያለው፣ ሥራውም የተሠራው ደሴ ስለሆነ ክሱ እዚያው ይሆናል። የሕክምና ተቋም የሠራተኞቹን ጥፋት እንደሚሸከም ቁጥር 2651 ስለሚናገር፣ ጥርሱን የሠራው ተቀጣሪ ቢሆንም እንኳ ክሊኒኩ ይጠየቃል። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በድሃ ደንብ እንዲከስ ሊፈቀድለት ይችላል።

ክስ ያደክማል። በየቀጠሮው ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ትወጪያለሽ፣ ትወርጃለሽ። ከትምህርት ቤት ማስፈቀድ አለ። በየቤተዘመድ ለቅሶው ዓይን ለዓይን መገጣጠም አለ። ይህንን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ሽምግልናው በቅንነት ካልሄደ መክሰስ መብትሽ ነው፤ ዘመድ መሆኑም አይከለክልሽም። ግን ገብተሽ መሐል ላይ ከምታቋርጪ፣ አቅምሽን አውቀሽ ብትገቢ ይሻላል።

የእህትሽን ንዴት እወድላታለሁ። ቲክቶኩን ግን ተዉት። አንዴ ከወጣ አይመለስም። «ስሜን አጠፉ» ብሎ ክስ ይዞ የሚመጣው ደግሞ እሱ ይሆናል። ሽማግሌዎቹም ያኔ ከእሱ ጎን ይቆማሉ። ጉልበቷን ወረቀት በመሰብሰብና ሐኪም ቤት አብራሽ በመሄድ ታሳየው።

የባለቤትሽን ዝምታ ለመጨረሻ አቆየሁት። ዝም ያለው ስለማይገደው ነው ወይስ ሁለት እሳት መሐል ስለቆመ? ያንቺን ቤት የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ሁለተኛውን ነው የጠረጠርኩት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እናቱ በሌሉበት ጠይቂው። «ከማን ጋር ነህ?» ብለሽ አይደለም፤ እንደዚያ ከጠየቅሽው ይዘጋል። «ራጁን አብረን እንየው። አንተስ ምን ትላለህ? እሁድ ከጎኔ እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ» በዪው። እሱ «ሚስቴ ታክማ እስክትድን ወረቀት አይፈረምም» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ሽማግሌ ፊት ቢናገር፣ አንቺ ብዙ ከምትናገሪው በላይ ይሰማል። ለአማትሽም እሱ ቢነግራቸው ይሻላል። እሳቸው የፈሩት ቤተሰቡ እንዳይፈርስ ነው። ነገሩን አደባባይ ሳታወጪ፣ በወረቀትና በአክብሮት እየሄድሽ እንደሆነ ሲያዩ ይለዝቡ ይሆናል።

አብሽሪ፣ እህቴ። ከእሁድ በፊት ሐኪም ዘንድ ድረሺ፣ ፕሮፎርማውን ያዢ፣ ባልሽን አነጋግሪ። ሽማግሌዎቹ ይዘውት የሚመጡትን ወረቀት ደግሞ ቅጂውን ተቀብለሽ «አንብቤ፣ አማክሬ መልስ እሰጣለሁ» በያቸው።